ሬ ላይ የምትቆም ፉጨት

በድሬዳዋ ጊታር የሚነካካ ሰው ሞልቷል። የሚችል ግን አንድ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚልልኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ሄጃለሁ። አራተኛ ክፍል ላይ አስተማሪው "ወይ አንተ ትወጣለህ ወይ እኔ እወጣለሁ" አለኝ። እሱ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፣ አሳዘነኝ፣ እኔ ወጣሁ። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስህተት ካገኛችሁ የሱ ነው፤ ቸኩሎ ነው ያባረረኝ።

ጊታሬ ከጅቡቲ በባቡር የገባ ነው። አንዲት ነጋዴ ቀሚሷ ሥር ደብቃ ኬላውን አሳለፈችው ይባላል። እኔ ቀሚስ ሥር ጊታር አይገባም ብዬ ስከራከር ነበር። በኋላ ሴትየዋን ታይዋን ገበያ አየኋትና አመንኩ። ጊታር ቀርቶ ከበሮም ይገባል።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ወደ አንዲት አጭር ዜማ ለመድረስ ነው። ዜማ ከተባለች፤ ከአንድ ትንፋሽ አትበልጥም። በሷ ምክንያት የሆነውን ለሰው ሳወራ መሀል ላይ ቀልድ እጨምርበታለሁ። ቀልዱ ግን አይዝልኝም። እንደላላ ክር ድምፁ ይወርዳል።

ግቢያችን ከዚራ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ነበር፣ አንድ የቆርቆሮ በር፣ ዙሪያውን ቤት። ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ። በር ተንኳኳ ማለት የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ ማለት ነው፤ ሲንኳኳ ሽንት ቤት የሚገባ አለ፣ አልጋ ሥር የሚገባ አለ፣ ጸሎት የሚጀምር አለ። ስለዚህ የግቢያችን ሰው በር አያንኳኳም። ሁሉም የራሱ ምልክት ነበረው። ባለሱቁ ሀጂ የሱቁን ቁልፍ ያንቃጭላል። አንዱ ሦስቴ ያስላል፣ ጉንፋን ሲይዘው ግቢው በሙሉ ግራ ይገባዋል። እኔ መጀመሪያ "ንጉሡ መጡ፣ ክፈቱ!" እል ነበር። በዚያ ዘመን ንጉሥ ብሎ በር ላይ የሚጮህ ሰው ከነጎረቤቱ ነው የሚታሰረው። ሀጂ ጆሮዬን ይዞ አስተወኝ።

ጓደኛዬ ያፏጫል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራ ነበር፤ የማታ ፈረቃ ሲሆን ሰዓት እላፊ ሊገባ ሲል ነው የሚደርሰው። ዝምተኛ ልጅ ነው። እኔና እሱ አብረን ከዋልን እኔ የሁለታችንንም ድርሻ አወራለሁ። የፊት ጥርሱ መሀል ክፍተት ነበረው፣ ፉጨቱ በዚያ ሲወጣ ከዋሽንት ይጠራል። በሩ ጋ ሲደርስ ያቺን አጭር ዜማ ይለቃታል፤ እናቱ ክፍሏ ከበሩ አጠገብ ስለሆነ ወዲያው መቀርቀሪያውን ትስበዋለች፣ ቋ ይላል፣ እሱ ይገባል። በቃ። ከሱ አፍ ሌላ ዜማ ሰምቼ አላውቅም።

እናቱን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላት። በኛ አገር አንቺ ነው እንጂ አንቱ የለም፤ ድሬ ላይ አንቱ ከተባልክ ወይ ቄስ ነህ ወይ ተጣልተሃል። ባሏ የባቡር ሰው ነበር። ባቡር ላይ እንዳለ የሞተ ጊዜ አንዱ ችኩል ገበያ መሀል አስቁሞ "እትዬ፣ ሰማሽ ወይ?" አላት። እዚያው ሽንኩርቱ ላይ ወደቀች። ሆስፒታል ከርማ ወጣች፣ ግን ከዚያ ወዲህ ስትስቅ ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚስቀው። ሐኪሙ ደሟ ከፍ ይላል፣ ድንገተኛ ነገር አታሰሟት ብሏል። ይሄን ግቢው በሙሉ ያውቃል።

ጓደኛዬን ያፈሱት ከሲኒማ ስንወጣ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲጎድላቸው መኪና አቁመው ከመንገድ ያነሱ ነበር። እኔ የቀበሌው ኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነኝ፣ መታወቂያ አለኝ። አዩትና "ይሄ አብዮቱን በዘፈን ያገለግላል" ብለው ወደ ጎን ገፉኝ። እሱ የፋብሪካ መታወቂያውን በሥራ ልብሱ ኪስ ረስቶት ነበር።

"እሱም ከኛ ጋር ነው፣ ኪነት ነው" አልኳቸው።

"ምን ይጫወታል?"

"ያፏጫል።"

ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ። ለፉጨት መታወቂያ አይሰጥም፤ ጫኑት።

ከዚያ ከማሠልጠኛ ደብዳቤ መጣ፣ ከሰሜን ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ደብዳቤው ቀረ።

አንድ ከሰዓት፣ ድሬ እንደ ጋለ ብረት ምጣድ በሆነችበትና ሰው ሁሉ በጫት በርጫው ላይ በተጋደመበት ሰዓት፣ እትዬ የክፍሌ በር ላይ ቆመች። ከጫቱ ቀጠፍ አድርጌ ጉንጬን ሞልቻለሁ።

"አንተ ጉረኛ።"

"አቤት እትዬ።"

"ፉጨቱን ታውቃታለህ አይደል?"

"የማንን?"

"የማን ትለኛለህ? የበሩን ነዋ።"

"ከራሱ በላይ አውቃታለሁ።"

"እስቲ በላት።"

ጫቱን ወደ ጎን አድርጌ አፏጨሁላት። ጤናማው ግማሽ ፊቷ ተኮማተረ።

"አቦ ተው፣ እንደ ማንቆርቆሪያ ነው የምትጮኸው። በጊታር አውጣልኝ። እኔ እየጠፋችብኝ ነው። ትናንት ተኝቼ ላስታውሳት ብል መሀሏ ጠፋ። ባስብ ባስብ እምቢ አለች። እሱ ሲመጣ ደግሞ በሩ ላይ በሷው ትቀበልልኛለህ።"

"እትዬ፣ ይሄ ለኔ ሥራ ነው? እኔ'ኮ ለሊቀመንበሩ ጉብኝት ተጫውቻለሁ!"

"ሊቀመንበሩ አልመጣም'ኮ በዚያን ቀን።"

"የሱ ጥፋት ነው። ነገ ጠዋት ከትኩስ የሙሸበክ ጣፋጭ ጋር አቀርብልሻለሁ።"

በማግስቱ ሀጂ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋ። ሀጂ ለጁምዓ ሶላት ካልሆነ ሱቅ አይዘጋም፤ ሚስቱ ስትወልድ እንኳ አንድ ኪሎ ስኳር መዝኖ ነው የሄደ። የግቢውን ሰው አንድ በአንድ ጠርቶ በጓሮ መጋዘኑ አስገባን፣ ከጨው ከረጢቱ መሀል ቆምን። እትዬ ብቻ አልተጠራችም።

"ቀበሌ ጠርተውኝ ነበር" አለ ሀጂ። "ልጁ ሞቷል። ከሞተ ቆይቷል አሉ።"

አንዲት ሴትዮ ልትጮህ አፏን ስትከፍት የሀጂ ሚስት በመዳፏ ዘጋችው።

"ስሙኝ" አለ። "መርዶውን ለሽማግሌ ሰጥተውናል። ግን ያንን ቀን አይታችኋል፤ ገበያ መሀል የወደቀች ጊዜ። ብቻዋን ሆና ከሰማች ወላሂ ሁለት ሬሳ ነው የምንቀብር። ሴት ልጇ ትምጣ። መሀል አገር ታስተምራለች፣ ልከንባታል፣ እናትሽ ትንሽ አሟታልና ነዪ ብለናል። እሷ ስትደርስ፣ ጠዋት ተሰብስበን፣ ሴቶቹ ይዘዋት፣ ያኔ እንነግራታለን። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ሁሉ ነገር እንደ ወትሮው።"

ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"ገና ምንም" አለ ሀጂ። "ለዚህ ነው የምንነግርህ፣ ዋርያ። አንተ አፍህ በር የለውም።"

"ጊታሩንስ? ፉጨቱን አውጣልኝ ብላኛለች። እንቢ ልበላት?"

"እንዳትሞክረው! እንቢ ያልክ ቀን ታውቃለች። አንተ ጊታር ተጫወት ተብለህ እንቢ ብለህ ታውቃለህ? ሥራው። ደስ የሚል አድርገህ ሥራው።"

እንደዚያ ሆነ። ጓደኛዬ እንደሞተ በሰማሁበት ቀን ደስ የሚል አድርገህ ሥራ ተባልኩ። ማልቀሻ ቦታ እንኳ አልነበረኝም። ግቢው ውስጥ አይቻልም። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወርጄ ተቀመጥኩ፣ ግመል የሚነዳ አንድ ሶማሌ አጠገቤ ቆሞ "ዓይንህ ውስጥ አሸዋ ገባ?" አለኝ። አዎ አልኩት።

አሁን ስለ ሙዚቃው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ፉጨትን ጊታር ላይ ማውጣት ቀላል ይመስላል። አንድ ጣት፣ አንድ ክር፣ አለቀ። እንደዚያ ያወጣሁት እንደሆነ ግን ባዶ ነው፤ ሜዳ ላይ የቆመ አንድ እንጨት ይመስላል። ሥሩ ቤዝ፣ ወፍራም ድምፅ፣ ይፈልጋል፣ መሀሉ ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ይፈልጋል። የኪነት ቡድናችን አሠልጣኝ የማርሽ ባንድ ጡረተኛ ነው። የፊት ጥርሱ ወልቆ ጥሩምባ መንፋት ሲያቅተው እኛን ማስተማር ጀመረ፤ ያልነፋውን ሁሉ እኛ ላይ ነፋው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ያስቆጠረኝ እሱ ነው። የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በከሰል መሰላል ስሎ፣ በያንዳንዱ ደረጃ ላይ ድምፆቹን ጽፎ፣ በዱላ እየነካ ያስጮኸናል። ከግቢያችን ሰው ስላልሆነ ስለ ልጁ አያውቅም። እኔም ምዬአለሁ፣ አልነገርኩትም።

ፉጨቷን በመሰላሉ ላይ አስቀመጥኳት። ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ላ። ከዚያ ትወርዳለች፣ ሶል፣ ሚ፣ ሶል። ከዚያ ሚ፣ ሬ። እዚያ ላይ ትቆማለች። ይህችው ናት። ፋ የለባትም፣ ሲ የለባትም፣ እንደኛ አገር ትዝታ አምስቱ ድምፅ ብቻ ናቸው። እሱ ይሄን አያውቅም ነበር፤ ከጥርሱ መሀል ነው ያወጣት።

መጀመሪያ እኔ ነኝና ባለ በሌለ ኃይሌ ሠራኋት። ለያንዳንዱ ድምፅ ስድስቱንም ክር የሚገጭ ኮርድ ሰጠሁ። ወስጄ ለአሠልጣኙ አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ፣ ከዚያ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

"ይሄ ፉጨት ነው ወይስ የአብዮት በዓል ሰልፍ?"

"ጋሼ፣ ሙሉ እንዲሆን ብዬ ነው።"

"ታንኩ ሲያልፍ ነው የሚሰማኝ። ዜማዋ የት አለች? ረግጠሃታል።" ዱላውን አነሳ። "ስማ። ኮርድ ማለት አንዱን ይዘህ፣ አንዱን ዘለህ፣ አንዱን መያዝ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል። እሺ? ዜማህ ላይ ሶል ካለች፣ ሶል እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ናት፣ ስለዚህ ከሥር ዶን በአውራ ጣትህ ንካ፣ ይበቃል። ሌላውን ዝም በለው። ላ ስትመጣ ላ ማይነርን፣ ያንን የሚያዝነውን ኮርድ፣ ስጣት፣ ቀለል አድርገህ። ፋና ሲ ዜማው ውስጥ የሉም፤ ከጫንክባት የፈረንጅ ሠርግ ይሆንብሃል። የግድ ከሆነ መሀል ላይ ደብቃቸው።"

እንዳለኝ አደረግኩ። አውራ ጣቴ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ዜማዋ ቀጭኖቹ ላይ ትሄዳለች። ያኔ ገና ሰው ሰው ሸተተች። ያ ልጅ በመንገዱ ሲመጣ ሰማሁት ማለት እችላለሁ፤ አውራ ጣቴ እግሩ ነው፣ ላይኛው ክር አፉ ነው። እንባዬን ለመደበቅ አቀርቅሬ ሳልኩ፣ አሠልጣኙ ጫት አነቀው ብሎ ጀርባዬን መታኝ።

"መጨረሻውስ?" አለ ከዚያ።

"ሬ ላይ ነው የሚያልቀው።"

"ሬ ላይ ዜማ አያልቅም።"

"እሱ ግን ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚያቆመው።"

"ማንም ይሁን። ሬ ላይ የቆመ ዜማ አንድ እግሩን አንስቶ የቀረ ሰው ነው። ሬ የማን ቤተሰብ ናት? ሶል፣ ሲ፣ ሬ። ስለዚህ የሶልን ኮርድ ስጣት፣ ሲን መሀል ደብቃት። የሶል ኮርድ ደግሞ ምን ይፈልጋል? ዶን። አውርዳት። ዶ ላይ አሳርፋት፣ አለቀ፣ ሰው ይተነፍሳል።"

ሞከርኩት። ሚ፣ ሬ... ዶ። እውነቱን ነው። ዶ ላይ ስትወርድ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀመጠ። ሳላውቀው ሁለታችንም ተነፈስን። ሰውዬው ጡረተኛ ይሁን እንጂ ጆሮው ጡረታ አልወጣም። እኔም ኮራሁ። ይህችን ዜማ አስተካክዬ ጨረስኩለት፣ ሳይጨርሳት የሄደውን እኔ ጨረስኩለት አልኩ በልቤ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግቢያችን ከወትሮው ወጥቶ ነበር። እንደ ወትሮው ሁኑ ሲባል ሰው ወትሮውን ይረሳዋል። ሴቶቹ የእትዬን ውኃ ይቀዱላታል። አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ከቡና ገለባ የሚፈላ ሐሸር ትልካለች። ስኳር በቀበሌ ሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ሀጂ ከራሱ ቤት ስኳር በላስቲክ ቋጥሮ ላከላት። ሀጂ! ቁራጭ ከረሜላ የማይመርቅ ሰውዬ!

"ምነው ሁላችሁም?" አለች እትዬ አንድ ቀን። "ቀበሌ ሊቀመንበር አድርጎ ሾሞኛል እንዴ?"

ሁሉም ከመጠን በላይ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የራሴ ሳቅ ጆሮዬን አስጠላኝ።

እኔን ደግሞ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። "ሙሸበኩ የት ደረሰ?" ትለኛለች። ክር ተበጠሰብኝ አልኳት፣ ለማዘግየት። አላዋጣኝም፤ ለሀጂ ነግራ ከታይዋን ገበያ አዲስ ክር አስመጣችልኝ። ጣቴ ቆሰለ አልኳት፣ ቅባት ይዛ መጣች። ልጅቷ ደግሞ አልደረሰችም። ባቡሩ አንዴ ተሰበረ፣ አንዴ ወታደር ጫነ ይባላል።

በመጨረሻ ሀጂ ራሱ "ዛሬ ተጫወትላት" አለኝ። "ዛሬ አሥር ሰዓት ግድም ባቡሩ ይገባል ብለዋል። ልጅቷ ትመጣለች፣ ነገ ጠዋት እንነግራታለን። ዛሬ ደስ ይበላት። እኛም አብረን እንሆናለን።"

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ብቻዬን ብጫወትላት ኖሮ ምናልባት ይታለፍ ነበር። ግን የግቢው ሰው በሙሉ ሊያስደስታት ወጣ። ምንጣፍ ተነጠፈ። የማይነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከሰዓት ነው፣ ጥላው ገና ግማሽ ግቢ አልሸፈነም። እትዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ይሄ ሁሉ ሰው ለሱ ፉጨት?" አለች። "ባወቀ እንዴት ያፍር ነበር።"

ጀመርኩ። ለጉራ አይደለም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። አውራ ጣቴ ቀስ እያለች፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ላ። እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። መሀሏ የጠፋባት ጋ ስደርስ፣ ሶል፣ ሚ፣ ሶል፣ "ይህችው ናት፣ ይህችው ናት" አለች በሹክሹክታ። ሚ። ሬ። ሬ ላይ እጇ ከጭኗ ላይ ትንሽ ከፍ አለች፣ ሳታስበው፣ መቀርቀሪያ እንደሚስብ እጅ።

እኔ ወደ ዶ ወረድኩ። በሙሉ ኮርድ፣ አስረዝሜ።

ዓይኗን ከፈተች።

"ይህቺ መጨረሻዋ ምንድናት?"

"ዶ ናት እትዬ። በሙዚቃ ሕግ ዜማ ዶ ላይ ካላረፈ አላለቀም ይባላል። እሱ ሬ ላይ ነበር የሚተዋት፣ እኔ ጨረስኳት።"

"እሱ'ኮ እዚህች ጋ አይደርስም" አለች። "እኔ እከፍትለታለሁ'ኮ። ሳሳድገው ሳኖረው፣ እዚህ ድረስ ውጭ አስቁሜው አላውቅም።"

እንዲህ ብላ ሳቀች፣ በግማሽ ፊቷ። እኔን ማረሟ ነው፣ ሌላ አይደለም። ግን ከኛ መሀል የሚስቅ ጠፋ። የሀጂ ሚስት የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። ሁለቱ የማይነጋገሩት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሀጂ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈልግ ጀመር፤ ያደረገው ሰንደል ጫማ ነው። እኔ ኮርዱን እንደያዝኩ ነኝ፣ ጣቴን ተነሳ ብለው እምቢ አለኝ፣ ዶ ራሷ እየቀጠነች እየቀጠነች ጠፋች።

እትዬ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየች። ማናችንም አላየናትም።

"ሀጂ" አለች።

"አቤት።"

"ስኳሩ ለዚህ ነው?"

"እትዬ..."

"ስኳሩ ለዚህ ነው ወይ?"

ሀጂ ለነገ ጠዋት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፣ ከመጽሐፍም ከሽማግሌም የለቀመው፤ መጋዘኑ ውስጥ ለብቻው ሲለማመደው ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ሁሉ አንድም አልመጣለትም። "አላህ ያጽናሽ እህቴ" ብቻ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

አልወደቀችም። ሁላችንም ልንይዛት ተነስተን ነበር፣ ሴቶቹ ከግራና ቀኝ፣ አንዱ ውኃ ይዞ። እሷ ግን በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ነጠላዋን አውርዳ ጥለቱን ወደ አንገቷ ገልብጣ ለበሰችው፣ ቀስ ብላ፣ ለሥራ እንደሚዘጋጅ ሰው። ከዚያ ነው የጮኸች። ያንን ጩኸት በየትኛውም መሰላል ላይ አላስቀምጠውም።

ግቢው አንድ ላይ ተነሳ። ስንት ቀን የታፈነ ለቅሶ ነው፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ነበር። እኔም ያኔ ነው በደንብ ያለቀስኩት። በዚያ መሀል እትዬ ድንገት እጄን ያዘችኝ።

"ልጄስ? እሷ ታውቃለች?"

ሀጂን አየሁት። ሀጂ ሚስቱን አየ። የእናቲቱን ደም፣ የእናቲቱን ልብ፣ የእናቲቱን መውደቅ ስናስብ፣ የልጅቷም ወንድም መሆኑን ከመሀላችን ያሰበ ሰው አልነበረም። እሷን የጠራናት እናቷን እንድትደግፍልን ነው፣ እንደ ምሰሶ። ለምሰሶው መርዶ ማን ይነግረዋል?

"አታውቅም" አልኩ።

"ሂድ ተቀበላት። ባቡሩ መግቢያው ነው። እንደኔ መንገድ ላይ እንዳትሰማ። ቤቷ አግባልኝ፣ እኔው እነግራታለሁ።"

ፊቴን ታጥቤ እየሮጥኩ ለገሀር ደረስኩ። ባቡሩ ገብቶ ኖሮ ሰው ከነጓዙ ፈሷል። እሷ ጥላ ሥር ቆማለች፣ ቀጭን ናት፣ የወንድሟን የጥርስ ክፍተት ይዛለች። ስታየኝ ደስ አላት።

"አንተ ቀባጣሪ! እማዬስ?"

"እማዬማ እኔንም ትቀብራለች" አልኩ። አፌን ልቆርጠው ፈለግኩ።

"ታማለች ብለው አስደነገጡኝ'ኮ።"

"ትንሽ ደሟ ነው። እኔ ጊታር ተጫውቼላት ተሻላት።"

ሳቀች። ሻንጣዋን ተቀበልኳት። በከዚራ ዛፎች ሥር ስንሄድ በሕይወቴ ያንን ያህል ጉራ ነፍቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ለትልቅ ባንድ ልወሰድ ነው አልኳት። ጅቡቲ ያሉ ፈረንሳዮች ጊታሬን ሊገዙኝ መጥተው እምቢ አልኳቸው አልኳት። ዝም ካልኩ ትጠይቀኛለች፤ ስለዚህ ትንፋሽ አልወሰድኩም። እሷም ከልቧ ትስቃለች፣ መንገድ ላይ ቆማ ሆዷን ትይዛለች፣ እኔም ሌላ እጨምራለሁ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች በመሀል። "ሻንጣው ውስጥ ሹራብ አለ፣ ራሴ የሠራሁት። ለሱ ነው። እዚያ ሰሜን ብርዱ አጥንት ይሰብራል አሉኝ። የሚወስድለት ሰው ታውቃለህ?"

"አለ" አልኳት። "አንድ የማውቀው ሾፌር አለ።"

ወደ ግቢያችን የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ለቅሶው ተሰማ። በቆርቆሮው በር በኩል ጎልቶ ይወጣል፣ የሰፈሩ ሰው ነጠላውን እየጎተተ ይገባል። እሷ ቀጥ አለች። ታማለች ብለን የጠራናት እኛ ነን፤ ሌላ ምን ታስብ?

"እማዬ!" ብላ ሮጠች። ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ። ሻንጣውን ይዤ ተከተልኳት፣ ስሟን እየጠራሁ፣ አትሰማኝም።

ሰዉን እየገፋች ገባች። መሀል ላይ እትዬ ቆማለች፣ በሕይወት፣ እጇን ዘርግታላት። ልጅቷ አየቻት። እኔ ከጎኗ ደርሼ ነበርና ፊቷን አይቼዋለሁ፤ ለአንድ አፍታ፣ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል፣ ደስ አላት። "አለሽ! አለሽ እማዬ!" ብላ እየሳቀች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ ከእናቷ ትከሻ ላይ ቀና አለች፣ ለማን እንደሚለቀስ ሰዉን አንድ በአንድ ታይ ጀመር።